ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ የተሣለው መነጽር

ፕሮፌሰር ኢሳውራ የልምምድ አዳራሹን በር የሚዘጉት በገዛ እጃቸው ነው። ለዘበኛም ለረዳትም አይተዉትም። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ከመድረኩ ይወርዳሉ፣ ተረከዛቸውን ቋ ቋ እያደረጉ እስከ በሩ ይሄዳሉ፣ ቁልፉን አንዴ ያዞሩታል። ከዚያ በኋላ ጳጳስ ቢያንኳኳ አይከፈትም።

የዚያን ሐሙስ ሬሜይ ዐይኗን ከበሩ ላይ መንቀል አቃታት። ኦቦዋን፣ ያን ቀጭን የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያ፣ ጉልበቷ ላይ አጋድማ፣ የመንፊያውን ሸምበቆ ከንፈሯ መሃል ይዛ እያራሰች፣ የሆርን ነፊዎቹን ረድፍ በጎን ታያለች፣ በሩን ታያለች፣ መልሳ ረድፉን ታያለች። የጋስፓር ወንበር ባዶ ነበር።

«ይመጣል» አለቻት ከጎኗ የተቀመጠችው ሁለተኛዋ ኦቦ ነፊ፣ ኖኤሊያ። «ያ ልጅ በሩ ሊዘጋ ሲል ካልገባ እንቅልፍ አይወስደውም።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«አንገትሽ ነዋ የጠየቀኝ። ሊገነጠል ነው እኮ።»

ሬሜይ ልትመልስላት አፏን ስትከፍት ቁልፉ ቀጭ አለ። ማንም አልገባም።

የዩኒቨርሲቲው የትንፋሽ ኦርኬስትራ አባል የሆነ ሁሉ በመስከረም አንድ ወረቀት ይፈርማል። ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ የመጣ በሰዓቱ መጣ ይባላል፤ በሰዓቱ የመጣ አርፍዷል፤ ያረፈደ አልመጣም። ሁለት ጊዜ የቀረ ወንበሩን ያጣል። ኮንሰርት ካለበት ቀን ልምምድ የቀረማ አንድ ጊዜ ይበቃዋል። እርሳስ ሳይዝ የመጣ መሣሪያውን ከሳጥኑ አያውጣ። የኖታ ወረቀቶቹ የኪራይ ስለሆኑ በእርሳስ የተጻፈባቸው ሁሉ ተሰርዞ፣ ነጭ ሆነው ይመለሳሉ። የመጨረሻው፣ አሥራ አራተኛው ነጥብ ደግሞ ከየመንደሩ ለመጡ ልጆች ተብሎ የተጻፈ ነው፤ የመንደር ባንድ፣ የመንደር በዓልና የመንደር ቅዱስ ለመቅረት ምክንያት አይሆኑም ይላል። ከአሥራ አራቱ ውስጥ ሬሜይ አንዱንም ጥሳ አታውቅም። ይህንን ወንበር ያገኘችው ሁለት ጊዜ ተፈትና ወድቃ፣ በሦስተኛው ነው።

ፕሮፌሰር ኢሳውራ መድረኩ ላይ ወጡና መነጽራቸውን አስተካከሉ። «የመጀመሪያው ሆርን ወንበር ከዛሬ ጀምሮ የኢኔስ ነው። ጋስፓር ትናንት የመልቀቂያ ወረቀት አስገብቷል። የመንደሩ ባንድ ለሙዚቀኞች ጠባቂ ለቅድስት ሴሲሊያ በዓል ይፈልገዋል ይላል። አንብቦ የፈረመ ሰው ነው፤ እኔ የምጨምረው የለም። ሬሜይ፣ ላ ስጪን።»

ላ መስጠት የመጀመሪያው ኦቦ ሥራ ነው። እሷ አንዷን ድምፅ ቀጥ አድርጋ ትይዛለች፣ ሃምሳ ሰው በእሷ ይቃኛል። ሬሜይ ኦቦዋን አነሣች። ድምፁ ወጣ፣ ከዚያ እንደታመመ ሰው ተንቀጠቀጠ። ሃምሳ ፊት ወደ እሷ ዞረ።

«እንደገና» አሉ ፕሮፌሰር ኢሳውራ።

እንደገና ነፋች። በሕይወቷ እንደዚያች አንድ ድምፅ የከበዳት ነገር አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሬሜይና ጋስፓር የተወለዱባት ቤኒፎስካ፣ ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከቫሌንሲያ በባቡር የአንድ ሰዓት መንገድ ናት፤ ሦስት ሺህ ሰው፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መድኃኒት ቤትና ሁለት ባንድ አላት። አሮጌው ባንድና አዲሱ ባንድ ይባላሉ፤ አዲሱ የተመሠረተው ከዘጠና ዓመት በፊት ነው። በምን እንደተጣሉ ሁለት ሰው ብትጠይቁ ሦስት ምክንያት ትሰማላችሁ። አሮጌዎቹ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ አዲሶቹ ከመድኃኒት ቤቱ በታች ይኖራሉ። ቡና ቤታቸው ለየቅል ነው። ዳቦ የሚገዙበት ለየቅል ነው። እርስ በርስ የተጋቡ እንደሆኑ ለማወቅ የሬሜይ አባት አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ አገላብጦ ነበርና አንድም አላገኘም፤ ይህንንም ደስ እያለው ነው የተናገረው። አባቷ ኤሊሴው የአሮጌው ባንድ መሪ ነው። የጋስፓር አባት ደግሞ የአዲሱን ባንድ ትልቅ ከበሮ ሠላሳ ዓመት ደብድቧል።

ከተማ ውስጥ ግን ማንም ከላይ፣ ማንም ከታች አይደለም። ሬሜይና ጋስፓር አንድ ኦርኬስትራ ውስጥ ገቡ፣ ዓርብ ዓርብ ወደ መንደር በሚወስደው ባቡር ፊት ለፊት መቀመጥ ጀመሩ። አንድ ፌርማታ ሲቀር እሱ ሆርኑን አንግቶ ይነሣል። «በይ እንግዲህ፣ ጠላትሽ ልሆን ነው» ይላታል፤ ወደሚቀጥለው ፉርጎ ይሻገራል፤ ሲወርዱ አይተዋወቁም። ሬሜይ ያቺን አንድ ፌርማታ የምትጠላትን ያህል የጠላችው ነገር የለም። የጋስፓር መነጽር ግራ እጀታ ተሰብሮ በጥቁር ክር የታሰረ ነው። «አሠራው እንጂ» ስትለው «በእሱ ትለዪኛለሽ» ይላታል። ከዚህ ያለፈ የፍቅር ቃል በመካከላቸው ወጥቶ አያውቅም፤ ሊወጣ ሲል ከመንደር የምትመላለሰው ወይዘሮ ቪሴንታ ቅርጫቷን ይዛ ከች ትላለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ሁሉም ነገር ተቋረጠ። ጋስፓር ዓርብ ወደ ፉርጎዋ አልመጣም። ልምምድ ላይ ሰላም አይላትም፤ በአጠገቡ ስታልፍ የሆርኑን ቱቦ ይወለውላል። ምን አጠፋሁ ብላ ሌት ተቀን አሰበች። ልትጠይቀው ሁለት ጊዜ ተነሥታ ሁለት ጊዜ ኩራቷ አስቀመጣት። ደግሞም በዚያው ሰሞን ከአባቷ ጋር ተጣልታ ነበር። የቅድስት ሴሲሊያ በዓልና የኦርኬስትራው ኮንሰርት በአንድ እሑድ ውለዋል። ግማሽ ቀን መጥቼ ልመለስ ብትለው አባቷ አፈጠጠባት።

«ግማሽ ቀን የሚባል ሙዚቀኛ የለም» አላት። «ወይ ከጠዋት እስከ ማታ ከእኛ ጋር ትሆኛለሽ፣ ወይ ድርሽ አትበይ።»

«ፈርሜያለሁ እኮ አባዬ።»

«አንቺ የተወለድሽው ፈርመሽ አይደለም።»

ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ሁለቱንም በአንድ ወር አጣሁ ብላ አለቀሰች፤ ማንም ግን ስታለቅስ አላያትም።

የሐሙሱ ልምምድ እኩሌታ ላይ ፕሮፌሰር ኢሳውራ ዕረፍት ሰጡ። «ላጲሳችሁን አውጡ» አሉ። «የማያስፈልገውን ሁሉ አሁን አጥፉ። እሑድ የእርሳስ ጫካ ውስጥ ሲዳክር የማየው ሰው እንዳይኖር።»

ኖኤሊያ ወረቀቷ ላይ የሣለቻትን ድመት እያዘነች ትሰርዛለች። ሬሜይም ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። የትንፋሽ ምልክቶች፣ የጣት ቁጥሮች፣ «ቀስ» የሚል ቃል። እንዲህ እያለች፣ ኖታው ከተከፋፈለባቸው ቁጥሮች መካከል ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ ደረሰች፤ የእሷ ብቸኛ ዜማ የሚያልቅበትና የሆርኑ የሚጀምርበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ መነጽር ተሥሏል።

ኖታ ላይ መነጽር መሣል የሙዚቀኞች ሁሉ ልማድ ነው። ትርጉሙም አንድ ነው፤ «ወረቀትህን ተውና መሪውን እይ»። ሬሜይ ይህኛውን ልክ ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር ያየችው። የኪራይ ወረቀት ከየከተማው የማንንም ምልክት ተሸክሞ ስለሚመጣ፣ ቀድሞ ሳላስተውለው ቀርቼ ነው ብላ አለፈችው። የታዘዘችውን የምታደርግ ልጅ ናትና ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁጥር ሃያ ሰባት በደረሰች ቁጥር ዐይኗን ፕሮፌሰር ኢሳውራ ላይ ትተክላለች፤ አንድ ቀን እንኳ አልሳተችም።

ላጲሱን አስጠጋች። ከዚያ እጇ ባለበት ቀረ።

የመነጽሩ ግራ እጀታ ቀጥ ያለ አይደለም። መሃሉ ላይ የተሰበረ ነው፤ ስብራቱ ላይ ክር የመሰሉ ሦስት ትንንሽ ጭረቶች ተሠርተውበታል።

ሬሜይ ክው አለች። ጋስፓር የኖታ ማኅደሯን የተዋሳት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ «ከየት እንደምገባ ልይ» ብሎ ወስዶ በማግሥቱ ነበር የመለሰላት። ከመነጽሩ ሥር ወደ ቀኝ የምታመለክት ቀስት አለች። ይህችንም «አትዘግዪ» ማለት መስሏት ነበር። አሁን ወረቀቱን ገለጠች፣ እንደገና ገለጠች፣ ሙዚቃው አልቆ ባዶ የቀረው የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ ደረሰች። በደቃቅ የእርሳስ ጽሑፍ ሞልቷል።

«ሬሜይ፣ በአፌ ልነግርሽ አራት ዓርብ ሞክሬ አራቱንም ጊዜ ስለ ዝናብ አወራሁ። እዚህ ግን ቪሴንታ አትሰማንም። እወድሻለሁ። ከፉርጎ ወደ ፉርጎ መሸሽ ሰልችቶኛል። በቅድስት ሴሲሊያ ቀን አብረን ቆመን እንናገር፤ ከላይ ያሉትም ከታች ያሉትም ይስሙ። መልስሽን አትጻፊልኝ፣ ሰው ያገኘዋል። ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ ያንቺ ዜማ አልቆ የኔ ከመጀመሩ በፊት አንድ ትንፋሽ የምታህል ዝምታ አለች። እሺ ካልሽኝ እዚያች ላይ ቀና ብለሽ እዪኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። እምቢ ካልሽ መሪዋን ማየትሽን ቀጥዪ፤ ይገባኛል፣ ዳግመኛም አላስቸግርሽም። እንዳትረሺው መነጽሬን ሥዬልሻለሁ። ጋስፓር።»

ሦስት ሳምንት። ስድስት ልምምድ። ስድስት ጊዜ እምቢ ብላዋለች፤ ያውም ዐይኗን ሳታርገበግብ!

«ምን ሆንሽ?» አለች ኖኤሊያ። ሬሜይ ወረቀቱን ሰጠቻት። ኖኤሊያ አነበበች፣ መጨረሻው ላይ ስትደርስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አይ ያንቺ ታዛዥነት! አይ የሱ ጅልነት! ኦቦ ለሚነፋ ሰው መነጽር ይሣላል?» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ሬሜይ... የሰማሁት ነገር አለ። ያለቀ አልመሰለኝም ነበር እንጂ እነግርሽ ነበር። የግዴታ ውትድርናውን በትምህርት ያራዘመበትን ጊዜ ትቶታል። ሰኞ ነው የሚሄደው፤ ሰሜን ነው የመደቡት፣ ለአሥራ ሁለት ወር።»

ስልክ ኪስ ውስጥ የሚገባበት ዘመን አልነበረም። ሬሜይ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው የሕዝብ ስልክ ሮጠች። ያነሣው አባቱ ነበር።

«ጋስፓር የለም። ማን ልበለው?»

«ሬሜይ ነኝ።»

«የማን ሬሜይ?»

መዋሸት ትችል ነበር። «የኤሊሴው ልጅ» አለች። ስልኩ ተዘጋ። እሷ ግን እጀታውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቆየች፤ ሰው ያለ ይመስል «እሺ ብዬዋለሁ በሉት» ስትል ድምጿ ኮሪደሩ ውስጥ ብቻውን ቀረ።

እሑድ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ባቡር ነበር። ስድስት ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ቤኒፎስካ ያደርሳታል። መልሱ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ይነሣል፤ እሱ ካመለጣት ቀጣዩ ባቡር የሚደርሰው ፕሮፌሰር ኢሳውራ ለኮንሰርቱ ቀን ልምምድ ቁልፉን ካዞሩ በኋላ ነው። ሬሜይ የኮንሰርት ጥቁር ቀሚሷን ለበሰች፣ ኦቦዋን አነገተች። ኖኤሊያ እስከ ጣቢያ ሸኘቻት።

«ካልመጣሽ ላውን እኔ ልሰጥ ነው ማለት ነው?» አለች። «እንግዲህ ኦርኬስትራው ሁሉ ጎርበጥ ብሎ ይቃኛል።»

«እመጣለሁ።»

«ሁለታችሁም ኑ» አለች ኖኤሊያ፣ መቀለዷን ትታ።

በቅድስት ሴሲሊያ ቀን በዚያ አገር ያሉ ባንዶች ሁሉ አንድ ወግ አላቸው። በዓመቱ አዲስ የገባውን ሙዚቀኛ ባንዱ ራሱ ከቤቱ ሄዶ ይወስደዋል። ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው እየነፉ ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፤ እሱ መሣሪያውን ይዞ ይወጣል፤ ቤተሰቡ ጣፋጭ ወይንና የለውዝ ኩኪስ ያቀርባል፤ ከዚያ ሰልፉ ውስጥ ገብቶ የሚቀጥለውን ሊወስዱ አብረው ይሄዳሉ። የዚያን ቀን ማን የማን እንደሆነ መላው መንደር በዐይኑ ያያል። ጋስፓር ለመናገር የመረጠው ይህንን ቀን ነው።

ሬሜይ በመድኃኒት ቤቱ ማዕዘን ወደ ታች ስትታጠፍ አንዲት ሴትዮ ከሰገነት ላይ ጮኹባት። «ልጄ! ተሳስተሻል! ያንቺዎቹ ላይ ናቸው!»

«አልተሳሳትኩም እትዬ» አለች ሬሜይ። መውረዷን ቀጠለች።

አዲሱ ባንድ ከማዕዘኑ አራተኛው ቤት ደጃፍ ላይ ቆሟል። አዲሱ ሙዚቀኛ ጡረታ ከወጡ በኋላ ቱባ የተማሩ የስድሳ ስድስት ዓመት ዳቦ ጋጋሪ ናቸው፤ እንደ ሙሽራ ተኩነስንሰው ላብ በላብ ሆነዋል። ሰማያዊ ልብስ የለበሱት ሁሉ ብርጭቆ ይዘው ይሳሳቃሉ። መጀመሪያ ያያት መለከት ነፊ ዝም አለ። ከዚያ ጎኑ ያለው። እንዲህ እያለ ዝምታው ረድፍ በረድፍ ሄዶ ጋስፓር ጋ ደረሰ። ቀና አለ፤ አያት፤ ወዲያው ጫማውን ማየት ጀመረ። ሬሜይን የቆጠቆጣት ከሁሉ በላይ ያ ነው።

አባቱ ከበሮውን እንዳነገተ ፊት ለፊቷ መጣ። «ምን ፈለግሽ አንቺ?»

«ለጋስፓር መልስ ይዤ ነው የመጣሁት። ሦስት ሳምንት ዘግይቷል።»

«መልሱን አውቀዋለሁ» አለ ጋስፓር ከኋላ። ድምፁ ሻካራ ነበር። «ስድስት ጊዜ ሰጥተሽኛል። አንድ ጊዜ ይበቃኝ ነበር።»

«አልሰጠሁህም! መነጽሩን ነው ያየሁት!»

«እኮ። እያየሽው ነው እምቢ ያልሽኝ።»

«ጋስፓር፣ ኖታ ላይ መነጽር ሲሣል አንድ ሙዚቀኛ ምንድን ነው የሚያደርገው?»

የመለሰችላት ከአንደኛው ረድፍ አንዲት ክላርኔት ነፊ ናት፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት። «መሪውን ያያል።»

«መሪውን ነዋ!» አለ መለከት ነፊውም። «ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

«እና እኔስ ማንን አየሁ?» አለች ሬሜይ። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። «ስድስት ጊዜ፣ እንደታዘዝኩት! ደብዳቤህን ያገኘሁት ሐሙስ፣ ምልክቶቼን ልሰርዝ ላጲስ ይዤ ነው። ጀርባውን ማን ይገልጣል? ሙዚቃው አልቋል እኮ!»

«መሪዋን እንድታይ ሥለህላት መሪዋን አየች ብለህ ወታደር ቤት ልትገባ ነው?» አሉት አዲሱ ቱባ ነፊ፣ ብርጭቋቸውን አስቀምጠው። ሰልፉ ውስጥ ሳቅ አፈተለከ። ጋስፓር ግን አልሳቀም። ፊቱ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ደስ መሰኘት ፈርቶ የቆመ ሰው ይመስላል።

ሳቁን ያቆመው ከማዕዘኑ የመጣ ድምፅ ነው። የአሮጌው ባንድ ግራጫ ልብስ መድኃኒት ቤቱ ጋ ብቅ አለ። ከፊት አባቷ ነበር።

ኤሊሴው የመድኃኒት ቤቱን ወሰን አልተሻገረም። ከዚያው ሆኖ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ። «ለኛ ጊዜ የለኝም አልሽ። ፈርሜያለሁ አልሽ። እሺ ብለን ዋጥነው፤ ምን እናደርጋለን። ለነሱ ግን ጊዜ ተገኘ?»

ሬሜይ ዞረች። ለዚህ አልተዘጋጀችም ነበር። «ለነሱ አይደለም አባዬ። ለአንድ ሰው ነው።»

«ከነሱ ውስጥ ለሆነ አንድ ሰው።»

«አዎ።»

«ሰፈሩ ፊት ታዋርጂኛለሽ!»

«ልነግርህ የምፈልገው ብቻህን ነበር። ድርሽ አትበይ አልከኝ።»

አባቷ ፊቱን አጠቆረ። ቀኝ እጁን ወደ ላይ አነሣ። ከኋላው አርባ ሰው መሣሪያውን አፉ ላይ አደረገ። ሁለቱ ባንዶች በተገናኙ ቁጥር የሚሆነው ይኸው ነው፤ አንዱ አንዱን በጩኸት ይውጠዋል። እጁ ሲወርድ ከእሷ የሚሰማ ቃል አይኖርም፤ ጋስፓርም ነገ ይሄዳል።

ያኔ ነው ሬሜይ ኦቦዋን ያወጣችው። እንዴት እንደገጣጠመችው አታስታውስም። ከቁጥር ሃያ አምስት ጀምራ ነፋችው፤ ብቸኛ ዜማዋን፤ በመስኮቶቹና በሰገነቶቹ መካከል፣ እንባዋ እየወረደ። ድምፁ መጀመሪያ ሳሳ፣ ከዚያ ጸና።

ኤሊሴው እጁን አላወረደም። ተናዶ ነበር፤ ግን ሙዚቀኛ ነው። የሌላ ሰው ዜማ ሳያልቅ መሃሉ ላይ ባንድ አስነፍቶ አያውቅም፤ እጁ እምቢ አለው። እስኪያልቅ ብሎ ጠበቀ። ዜማው ወጣ፣ ታጠፈ፣ ወደ ቁጥር ሃያ ሰባት ወረደ፣ አለቀ።

አንድ ትንፋሽ የምታህለው ዝምታ መጣች። ሬሜይ ቀና አለች። ጋስፓርን አየችው። በክር የታሰረውን መነጽሩን፣ ከመነጽሩ ጀርባ ያሉትን ዐይኖች፣ መንደሩ ሁሉ እያየ አየችው። ሆርኑ ብብቱ ውስጥ ነበር። ዝምታዋ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በላይ ረዘመች። ሁለት ትንፋሽ ሆነች፤ ሦስት። ዘግይቻለሁ ማለት ነው ብላ አሰበች።

ከዚያ ሆርኑ ገባ። እንደተሰበረ ድምፅ ጀመረና ሞላ፤ የሰፈሩን ግድግዳ ሁሉ ነካ። ጋስፓር እየነፋ ከሰልፉ ወጣ፤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ፤ ዜማውን ጨርሶ አጠገቧ ሲቆም ትከሻው ትከሻዋን ነካ። አባቱ ከበሮ መምቻውን እንደያዘ ፈዝዞ ቀረ።

የኤሊሴው እጅ ያኔ ወረደ፤ ቀስ ብሎ፣ ባዶውን። ማንም አልነፋም። ልጁን ተመለከታት። በኋላ ከኪሱ ሰዓቱን አወጣ።

«ባቡርሽ ያመልጥሻል» አላት። «ፈርመሻል አይደል?»

ዞሮ ወደ ላይ ሄደ። ይቅርታ አልነበረም። ሬሜይ ግን የአባቷን ድምፅ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ታውቀዋለች፤ መሃሉ ላይ የተንቀጠቀጠችውን ነገር ሰምታለች።

በባቡሩ አንድ ፉርጎ ውስጥ ሄዱ። ጋስፓር ሁልጊዜ የሚነሣባት ፌርማታ አለፈች፣ ቀጣዩም አለፈ፤ ማንም አልተነሣም። እንደ ልማዷ ወይዘሮ ቪሴንታ ከኋላቸው ቅርጫቷን አቅፋ ተቀምጣ ነበር፤ ጋስፓር የሬሜይን እጅ ይዞ «እንዴት ዋሉ እትዬ» አላት። አሥር ሰዓት ሊሞላ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አዳራሹ ደረሱ። ፕሮፌሰር ኢሳውራ ቁልፉን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

«ወንበርህን ሰጥቻለሁ» አሉት ጋስፓርን።

«አውቃለሁ ፕሮፌሰር።»

«ኢኔስ ሦስት ቀን ሳትተኛ ተለማምዳዋለች። አልነጥቃትም።»

«አይነጥቋትም። ልሰማ ነው የመጣሁት።»

ሰማያዊ ልብሱን፣ እንባ የጠጣውን የሬሜይን ቀሚስ አዩ። «ለኮንሰርቱ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ቦታ ይኖራል» አሉ፤ ሬሜይን አስገብተው ቁልፉን አዞሩ።

ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። በጥቁር ካፖርቶች መካከል፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰማያዊ የባንድ ልብስ ነበር። ሬሜይ ላ ሰጠች፤ ቀጥ ያለች፣ የማትንቀጠቀጥ። ቁጥር ሃያ ሰባት ሲደርስ ዜማዋን ጨረሰች፤ ያቺ ዝምታ መጣች። ፕሮፌሰር ኢሳውራ በትራቸውን አንሥተው ወደ እሷ ተመለከቱ። ሃምሳ ሙዚቀኛ መሪዋን አየ። ሬሜይ ግን ሦስተኛውን ረድፍ አየች። ጋስፓር እጁ ላይ ምንም ሳይኖር፣ ሊነፋ እንዳለ ሰው፣ ልክ በቦታዋ ትንፋሹን ሳበ። ሆርኑን የነፋችው ኢኔስ ናት፤ አሳምራ ነፋችው። ትንፋሹ ግን የእሱ ነበር። ነገ ይሄዳል። አሥራ ሁለት ወር። የዚህን ወረቀት ጀርባ ቀድሜ ገልጬ አይቼው ቢሆን ኖሮ ብላ ተጸጸተች፤ ደስታዋና ሐዘኗ አንድ ላይ መጡባት፣ የትኛው የትኛው እንደሆነም መለየት አቃታት።

ሰኞ ጋስፓርን ሸኝታ ከጣቢያ ስትመለስ የኖታ ማኅደሯን ለመመለስ ቁጭ ብላ ሰረዘች። የመጨረሻውን ገጽ ጀርባ በሌላ ወረቀት ላይ ቃል በቃል ገልብጣ ከጻፈች በኋላ፣ እያንዳንዷን ፊደል በላጲስ አጠፋች። የትንፋሽ ምልክቶቹን አጠፋች። ቁጥር ሃያ ሰባት ላይ ስትደርስ ላጲሱን አስቀመጠች።

ወረቀቱ ወደ አከራዩ፣ ከአከራዩ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ከእሷ በኋላ የሚይዘው ኦቦ ነፊ እጀታው የተሰበረ መነጽር ያገኛል። ታዛዥ ከሆነ መሪውን ያያል። ይሳሳታል፤ ግን ማን ይነግረዋል? ሬሜይ ማኅደሩን ዘግታ ዩኒቨርሲቲው ኖታ በሚረከብበት መስኮት አሳልፋ ሰጠች። ከአሥራ አራቱ ነጥቦች አንዱን ስትጥስ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወደ ቤቷም እስክትደርስ ፈገግታዋና እንባዋ ከፊቷ አልጠፉም።